የሌባ ኑዛዜ ስንት ያወጣል?

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ሰው ሲሰቀል ገበያ ይደራ ነበር። ታይበርን የሚባለው መስቀያ የነበረው ዛሬ ማርብል አርች በቆመበት አካባቢ ነው። ወደ ኤጅዌር ሮድ ስንወጣ ስንወርድ ስንቱ ሐበሻ በየቀኑ ያልፍበታል። የሚሰቀለው ሰው ከኒውጌት እስር ቤት በጋሪ ተጭኖ ሲመጣ፣ አዟሪዎች "የመጨረሻ ቃሉን" እየጮኹ ይሸጣሉ። ሰውየው ገና አፉን ሳይከፍት የመጨረሻ ቃሉ ታትሞ ወጥቷል ማለት ነው!

ያ በሳንቲም የተሸጠ ወረቀት ዛሬ ቅርስ ሆኗል። ቻሪንግ ክሮስ አጠገብ ሲሲል ኮርት የምትባል የአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ጠባብ መንገድ አለች። እዚያ ወይም በአሮጌ መጻሕፍት ባዛር ላይ፣ ጥቂት ገጽ ያላት አንዲት የወንጀል ፓምፍሌት በመቶዎች ፓውንድ ስትጠየቅባት ታያላችሁ። ሰብሳቢዎቹ አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ጠበቆችና አስተማሪዎች ይመስላሉ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ያዩታል። ከጨርቅ ቁርጥራጭ የተሠራ ስለሆነ 300 ዓመት አልፎትም አልተፈረካከሰም። ከመቶ ዓመት በፊት ከእንጨት የተሠራው ርካሽ ወረቀት ግን ቢጫ ሆኖ ይረግፋል።

ብዙዎቹ የተረፉት የዚያ ዘመን ሀብታሞች አሥር አሥራ አምስቱን ባንድ ላይ አስጠርዘው ስላስቀመጧቸው ነው። አሁን አንዳንድ ነጋዴ ጥራዙን ገንጥሎ አንድ በአንድ ይቸረችረዋል። ይህን ነገር አልወደውም። አብረው የተጠረዙት ለምን አብረው እንደተጠረዙ ራሱ ታሪክ ነበር።

በጣም ያስገረመኝ የኒውጌት ቄስ ነው። እስረኛውን ለሞት የሚያዘጋጀው እሱ ነው፤ ኑዛዜውን ይሰማል፤ ከዚያ ያሳትመዋል፣ ይሸጠዋል። ይህ ከ1676 ጀምሮ ወደ መቶ ዓመት ገደማ የዘለቀ መደበኛ ሥራ ነበር፤ ለቄሱም ጥሩ ገቢ ያስገኝለት ነበር። የነፍስ አባታችሁ የነገራችሁትን ሁሉ አሳትመው መርካቶ ሲያስቸበችቡት አስቡት! ሆኖም ዛሬ ስለ ድሃው ለንደናዊ ሕይወት የምናውቀው ብዙ ነገር ከዚያ ቄስ ወረቀት የተገኘ ነው። የት ተወለደ፣ ዕድሜው ስንት ነው፣ ምን ሙያ ተማረ፣ መጀመሪያ ምን ሰረቀ፤ ሁሉም ተጽፏል። በ1724 በ22 ዓመቱ የተሰቀለው ጃክ ሼፐርድ የአናጺ ተለማማጅ ነበር። አራት ጊዜ ከእስር በማምለጡ እስከ ዛሬ ስሙ ይነሣል።

ሕጉም ጉድ ነበር። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ አካባቢ በሞት የሚያስቀጣው ወንጀል ወደ 200 ደርሶ ነበር። ከመኖሪያ ቤት 40 ሽልንግ የሚያወጣ ዕቃ መስረቅ ያሰቅላል። ታዲያ ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው የሚወስኑት ተራ ሰዎች፣ የጁሪ አባላቱ፣ ምን ያደርጉ ነበር? የዕቃውን ዋጋ 39 ሽልንግ ነው ብለው ይወስናሉ። ሰው ላለመግደል ሲሉ እያወቁ ይዋሻሉ። የለንደኑ የኦልድ ቤይሊ ወንጀል ፍርድ ቤት የችሎት ዘገባ ከ1674 እስከ 1913 እየታተመ ይሸጥ ነበር። ከ197,000 የሚበልጠው ክስ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይነበባል። ያቺን 39 ሽልንግ እየደጋገማችሁ ታገኟታላችሁ።

ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ። ኤልዛቤት ካኒንግ የ18 ዓመት የቤት ሠራተኛ ነበረች። በ1753 አዲስ ዓመት ዕለት ዘመድ ጠይቃ ስትመለስ ጠፋች። ከአራት ሳምንት በኋላ ከስታና ጠቁራ እናቷ ቤት ደረሰች። ሁለት ሰዎች ዘርፈውኝ አንድ ቤት ወሰዱኝ፣ አንዲት አሮጊት ኮርሴቴን ቆርጣ ወሰደችብኝ፣ በደረቅ ዳቦና በውኃ ቆልፈውብኝ ከረምኩ አለች። ሜሪ ስኳየርስ የምትባል የጂፕሲ አሮጊት ተይዛ ሞት ተፈረደባት። አሮጊቷ ግን በዚያን ጊዜ ሩቅ አገር፣ ዶርሴት ነበርኩ አለች፤ መስካሪም ተገኘላት። የለንደኑ ከንቲባ ጉዳዩን ቢያጣራው ተገለበጠ። አሮጊቷ ምሕረት አገኘች፤ ልጅቷ በ1754 በሐሰት መሐላ ተፈርዶባት ለሰባት ዓመት ወደ አሜሪካ ተጋዘች።

አገሩ ለሁለት ተከፈለ። ዳኛና ደራሲው ሄንሪ ፊልዲንግ ለልጅቷ ተከራክሮ ፓምፍሌት ጻፈ። ሐኪምና ጸሐፊው ጆን ሂል መልስ ሰጠው። ሠዓሊው አለን ራምሴይ ሳይቀር ገባበት። ልጅቷ በእነዚያ ሳምንታት የት እንደነበረች እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኛ ሠራተኛ ጠፋች ሲባል ሰፈሩ እንዴት ለሁለት እንደሚከፈል ለምናውቅ ሰዎች፣ ነገሩ ብዙም ሩቅ አይደለም። ልዩነቱ የእነሱ ሐሜት ታትሞ መቅረቱ ነው።

የእኛ የችሎት ወግ ደግሞ በቃል ነበር። "በላ ልበልሃ" እየተባለ በቅኔ የተረታው ስንቱ ነው! አብዛኛው ከሰሚው ጋር አለፈ። በወረቀት የወጣውንም ቢሆን አልያዝነውም። "ፖሊስና እርምጃው" ጋዜጣ ሲወጣ ሰው ይሻማበት ነበር፤ ተነቦ ሲያልቅ ቆሎ ይጠቀለልበታል። ማንም ግን ከአዲስ አበባ ሰው እንግሊዛዊው በተፈጥሮው ጠንቃቃ ነው ብሎ እንዳያስብ። የእነሱም ወረቀት ብዙው ተቀድዶ ለሌላ ነገር ውሏል። አንዳንድ ሀብታም የማስጠረዝ ልማድ ስለነበረው ብቻ ነው የተረፈው።

በዚያው ባዛር ከፓምፍሌቶቹ ጎን አሮጌ ፖስትካርድ የሚሸጥበት ጠረጴዛ አለ። የኢትዮጵያ የሚል ካርቶን ውስጥ ስፈልግ በሰንሰለት የተቆራኙ ሁለት ሰዎች አየሁ። ባለዕዳና አበዳሪ ናቸው። የፈረንጅ ፎቶ አንሺ ያነሣቸው፣ ከሥር በፈረንሳይኛ የተጻፈባቸው። ዕዳው ስንት እንደነበር የለም። ስማቸው የለም። ለንደን ውስጥ መሐረብ ሰርቆ የተያዘ ሌባ እንኳ የአባቱ ሙያና የተወለደበት ሰፈር ተመዝግቦለታል፤ የእነዚህ ሁለቱ ግን ነጠላቸውና ሰንሰለታቸው ብቻ ነው የቀረው። ሻጩ ዋጋውን ሲነግረኝ ሳልከራከር ፖስትካርዱን መለስኩለት።

ማታ ደብረ ብርሃን ላለው የአጎቴ ልጅ ደወልኩ። የአያታችን የርስት ክርክር ወረቀቶች፣ ማኅተም ያለባቸው፣ ሳጥን ውስጥ ነበሩ። "ኧረ አሉ፣ አይጥ ካልበላቸው። ምን ያደርጉልሃል? መሬቱ እንደሆነ የለም" አለኝ። መሬቱን አልፈልግም፣ ማን ምን ብሎ እንደተከራከረ ማንበብ ነው የምፈልገው አልኩት። ሳቀብኝ። ቅዳሜ ሳጥኑን አውርዶ አንድ በአንድ በስልኩ ሊያነሣልኝ ቃል ገብቷል፤ የሞባይል ካርዱን ሂሳብ እኔ እልካለሁ።