እርማት፦ የመጀመሪያዋ ወንደር ውመን ሊንዳ ካርተር አይደለችም

የኮሚክ መጽሐፍ ጀግናዋን «ወንደር ውመንን በትወና መጀመሪያ የሠራቻት ሊንዳ ካርተር ናት» የሚለው ቢለመድም ልክ አይደለም። ካርተር የመጣችው በ1975 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በ1974 ካቲ ሊ ክሮስቢ የተወነችበት የቴሌቪዥን ፊልም ታይቷል። ከሁለቱም በፊት ደግሞ ወንደር ውመንን በቴሌቪዥን ተከታታይ ለማቅረብ የተደረገው የ1967ቱ ሙከራ አለ።

ያሠራው የ«ባትማን» ተከታታይ ፕሮዲውሰር ዊልያም ዶዚየር ነው። አምስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ሐሳቡን ለመሸጥ የተቀረጸ ናሙና ስለሆነ ያኔ በቴሌቪዥን አልተላለፈም። «ሙሉው ክፍል የት ጠፋ?» ብሎ መፈለግም ከንቱ ድካም ነው፤ መች ተሠራና!

ነገሩ የጀግና ታሪክ ሳይሆን የሳሎን ኮሜዲ ነው። እናት ልጇን ዳያናን (የወንደር ውመን የዘወትር ስሟ ነው) «ባል ሳታገኚ ቀረሽ» እያለች ትነዘንዛታለች። ዳያና ልብሷን ቀይራ መስታወት ፊት ስትቆም ግን የምታየው ራሷን ሳይሆን አንዲት ቆንጆ ነው፤ ዳያናም በዚያ ምስል ተማርካ ትሽኮረመማለች። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ዳያናን የሠራችው ኤሊ ዉድ ዎከር ስትሆን፣ መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሊንዳ ሃሪሰን ናት፤ በ1968ቱ «ፕላኔት ኦፍ ዘ ኤፕስ» ኖቫን ሆና የተወነችው። ሁለት ሊንዳዎች ስላሉ መምታታቱ አይገርምም።