“ራሳችሁ ገጣጥሙ” ያለን ሰውዬ ደሴ ላይ ይሞክረው

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ቴሌግራም የሚጠቀም ሰው ሁሉ ያየው አጭር ቪዲዮ አለ። ለወጣቶች በተዘጋጀ የቴክኖሎጂ ሥልጠና ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ አሠልጣኝ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር መግዛት ቆሻሻ መግዛት ነው አለ። አልፎ አልፎ ጌም መጫወት የሚፈልግ ልጅ ዕቃውን ለየብቻ ገዝቶ ራሱ ቢገጣጥም ዋጋው በግማሽ ይወርድለታል ብሎም ጨመረ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሰውዬው በማግስቱ ወደ አገሩ ተመለሰ። ምክሩ ግን እዚህ ቀረ፤ ይኸው ከፒያሳ እስከ ሆጤ ልጆች ለስንት ጊዜ ያጠራቀሙትን ብር ይዘው ማዘርቦርድ (ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካበት ቦርድ) የት ይገኛል እያሉ ይዞራሉ።

ነገሩ በጣም አናዶኛል። ይህ የሰው ገንዘብ ነው። ያውም ትርፍ የሌለው ሰው ገንዘብ።

ከግማሹ ልጀምር። ይቺ ግማሽ ከየት መጣች? ሰውዬው በቪዲዮው ላይ የሚያሳየው ዝርዝር የውጭ አገር ድረ ገጽ ዋጋ ነው፣ በዶላር። የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር አለ፣ ማዘርቦርድ አለ፣ ራም የሚባለው ሜሞሪ አለ፣ የጌሙን ምስል የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ አለ። ሳጥኑ፣ ማለትም ኬዝ የለም። መብራት የሚያከፋፍለው ፓወር ሳፕላይ የለም። ሞኒተር፣ ኪቦርድ፣ ማውስ የለም። ማጓጓዣ የለም፣ ቀረጥ የለም፣ የነጋዴ ትርፍ የለም። ጣሪያውንና በሩን ካልቆጠሩት እኮ ቤትም በግማሽ ዋጋ ይሠራል!

ዶላሩስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከዚያ ወዲህም መንገዱ ሽቅብ ነው። በተናጠል የሚሸጠው አዲስ ዕቃ በዚህ ዶላር ተገዝቶ፣ ብዙውም ከዱባይ በሻንጣ ተይዞ የሚገባ ነው። ያገለገለውም በዶላር ነው የሚገባው የሚል አይጠፋም። አዎ፣ በዶላር ነው። ግን እሱ የውጭ ድርጅቶች ጥቂት ዓመት ተጠቅመውበት በገፍ የሚያስወግዱት፣ በጅምላ የሚጫን ዕቃ ነው። ኬዙም፣ ፓወር ሳፕላዩም፣ ማቀዝቀዣውም፣ ራሙም በአንድ ዋጋ ተጠቃልሎ ይመጣል።

በተለይ ራሙ። እ.ኤ.አ. ከ2025 መገባደጃ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ጣሪያ ነክቷል። ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚገነቡት ግዙፍ የዳታ ማዕከላት ከፋብሪካ የሚወጣውን ሜሞሪ እየጠራረጉ ይወስዱታል። ከዓለም ሦስት ትልልቅ የሜሞሪ አምራቾች አንዱ የሆነው ማይክሮን በኅዳር 2018 ዓ.ም. “ክሩሻል” በሚል ስም ለተራው ሸማች ይሸጥ የነበረውን ንግድ እንደሚተው አስታወቀ። ዜናው ዓለምን አዳርሷል። የቴክኖሎጂ አሠልጣኝ ነኝ የሚል ሰው ይህን ሳይሰማ መድረክ ላይ ይወጣል? ዘንድሮ አዲስ ራም ግዙ ብሎ የድሃ ልጅ መምከር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማስገባት ነው። ያገለገለው ኮምፒውተር ግን ራሙን በሆዱ ይዞ ነው የሚመጣው።

ዋጋውን እዚህ ላይ ልተወው፤ የሰኞ ዋጋ ሐሙስ ላይ አይሠራም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ገጣጥመህ ስታበቃ አልነሳም ያለህ ቀን ምን ታደርጋለህ? ሰውዬው ስለዚህ አንዲት ቃል አልተናገረም።

ልጁ ዕቃውን አስመጣ እንበል። ማታ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ዩትዩብ እያየ፣ በጥንቃቄ ገጣጠመ። አዝራሩን ተጫነ። ፋኑ ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። የቱ ነው የተበላሸው? ራሙ ይሆናል። ማዘርቦርዱ ይሆናል። ፓወር ሳፕላዩ ይሆናል። ካርዱ ይሆናል። ፕሮሰሰሩን ሲያስገባ አንዷን እግር አጥፏት ይሆናል። ይህን በመገመት አታውቀውም። አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸውን የምትለየው የሚሠራ ሌላ ዕቃ እየቀየርክ በመሞከር ነው፤ ሌላ ራም፣ ሌላ ፓወር ሳፕላይ፣ ሌላ ቦርድ። አዲስ አበባ ቢሆን ዕቃውን አንጠልጥሎ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል፣ አንዱ ጋ የሚሞክርበት አያጣም። ደሴ ላይስ ከማን ይዋስ? ሐይቅ ላይ? ወልድያ ላይ? ላሊበላ ላይማ ተዉት።

ይባስ ብሎ ደግሞ ሁሉም ዕቃ ጤነኛ ሆኖ ኮምፒውተሩ ላይነሳ ይችላል። ርካሽ ነው ተብሎ በየቦታው የሚመከር ቢ450 የሚባል ማዘርቦርድ አለ። ቦርዱ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ነው። ሰው የሚገዛለት የኤኤምዲ ኩባንያው ራይዘን 5000 ፕሮሰሰር ደግሞ ከ2020 መጨረሻ ወዲህ የመጣ ነው። ስለዚህ የቦርዱ ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ውስጠኛ ሶፍትዌር) ካልታደሰ ፕሮሰሰሩን ጭራሽ አያውቀውም። ባዮሱን ለማደስ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ መነሳት አለበት፣ እንዲነሳ ደግሞ ቦርዱ የሚያውቀው የድሮ ራይዘን መግጠም አለብህ። ያለ ፕሮሰሰር በፍላሽ የሚያድሱ ቦርዶች አሉ፣ ርካሾቹ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይህ የለም። እስቲ ንገሩኝ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚኖር የ12ኛ ክፍል ልጅ ለአንድ ማታ የሚዋሰው የድሮ ራይዘን ከየት ያገኛል?

ሌላም አለ። የኢንቴል 12100ኤፍ እና 12400ኤፍ ፕሮሰሰሮች በየዝርዝሩ አናት ላይ ናቸው፣ ርካሽ ስለሆኑ። መጨረሻቸው ላይ ያለችው “ኤፍ” የራሳቸው ግራፊክስ የላቸውም ማለት ነው። ካርዱ ተበላሽቶ ከመጣ ምስል የሚባል ነገር የለም። ካርዱ ይሁን ሌላው የምታውቅበት ቀላል መንገድም የለም።

ከዚያ መመለስ ይመጣል። ደሴና አዲስ አበባ መካከል 400 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። በኮምቦልቻ፣ በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በጣርማ በር አድርገህ ስትሄድ ቀንህ አለቀ፤ ያውም መንገዱ ሰላም ከሆነ። ትራንስፖርት አለ፣ አልጋ አለ፣ ምግብ አለ። ደርሰህ ሻጩ ምን ይልሃል? ስትገጣጥመው ራስህ ነህ ያቃጠልከው ይልሃል። ምን ብለህ ትከራከረዋለህ? የገጣጠምከው አንተ ነህ። ዕቃውን የገዛኸው ከአምስት ሰው ነው፤ አምስቱም ጣታቸውን ወደሌላው ይቀስራሉ። የቦርዱ ሻጭ ፓወር ሳፕላዩን ያማል፣ የፓወር ሳፕላዩ ሻጭ ካርዱን ያማል። በሻንጣ የገባ ዕቃ ደግሞ ዋራንቲ የሚባል ወረቀት የለውም። ይህ ሁሉ ወጪ ያ “ግማሽ” ውስጥ ተቆጥሯል? አልተቆጠረም።

አሁን ያገለገለውን እዩት። ሱቁ ፒያሳ ነው። ትገባለህ፣ አስነሳልኝ ትላለህ፣ ፊትህ ይነሳል። ታስክ ማናጀር ከፍተህ ፕሮሰሰሩን ታያለህ፣ ራሙ ስንት እንደሆነና በስንት ቦታ እንደተሰካ ታያለህ። ጌም በፍላሽ ይዘህ ሄደህ ግማሽ ሰዓት ታስሮጠዋለህ። ቤት ወስደህ ችግር ካመጣ በማግስቱ ተሸክመኸው ትመለሳለህ። ተጠያቂው አንድ ሰው ነው። ያም ሰው ከአጎትህ ጋር አንድ ቅሬ (እድር) ነው፣ ጁምዓ መስጊድ ወይ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ታገኘዋለህ፣ ሰርግ ላይ አጠገብህ ይቀመጣል። አላውቅህም ሊልህ አይችልም። ወሎ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ዋራንቲ የለም፣ ወላሂ።

“ቆሻሻ” የተባለውን ዕቃ ደግሞ ከፍተን እንየው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር፣ እነዚህ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ እንዲሠሩ የተሠሩ ናቸው። የኦፕቲፕሌክሱን ማንሻ ስትስብ የብዙዎቹ ክዳን ያለ ካቻቢቴ ይከፈታል። ውስጡ አቧራ ይኖራል፤ በብሩሽ ይጠረጋል። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት፣ ቴርማል ፔስት፣ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ተጠርጎ አዲስ ይቀባል፣ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቦርዱ ላይ አንድ ረጅም ማስገቢያ አለ፣ የግራፊክስ ካርድ ቦታ። ይህ ማስገቢያ በራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚባለው ካርድ 75 ዋት ነው። ጂቲኤክስ 1650ም 75 ዋት ነው፤ ግን አንዳንዱ ተጨማሪ የመብራት ገመድ ስለሚጠይቅ እሱን ተወው፣ ገመድ የማይጠይቀውን ፈልግ። ካርዱን ትሰካለህ፣ ክዳኑን ትዘጋለህ፣ አለቀ።

ሰውዬው የቢሮ ኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ ደካማ ነው፣ በሌላም አይቀየርም ይላል። ታወር የሚባሉት ትልልቆቹ ብዙዎቹ ከ240 እስከ 290 ዋት ይዘው ነው የሚመጡት፣ ሶኬታቸውም የራሳቸው ነው፤ ይህ እውነት ነው። ግን የ65 ዋት ፕሮሰሰርና የ75 ዋት ካርድ ሲደመሩ 140 ዋት ነው! ለማን ነው ደካማ? መብራት በየጊዜው በሚሄድበት ከተማ ትንሽ መብላቱ እንዲያውም በረከት ነው። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዝ ትንሽ ዩፒኤስ ይሸከመዋል፣ ጌሙን ሴቭ አድርገህ በሰላም ታጠፋለህ።

ምን ሊጫወትበት ነው ይህ ሁሉ? የምናወራው ቅዳሜ ማታ ፔስ የሚባለውን የኳስ ጌም ስለሚጫወት ሰው ነው፣ ለዒድና ለገና የእህቱ ልጆች ሲመጡ ጂቲኤ ስለሚከፍት ሰው ነው። ጂቲኤ 5 ለኮምፒውተር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። አምራቹ ራሱ እንደ ጥሩ መመዘኛ ያስቀመጠው ኮር አይ 5 3470 ፕሮሰሰርና 2 ጊጋ ጂቲኤክስ 660 ካርድ ነው። 1050 ቲአይ ከዚያ ካርድ ይበልጣል፣ ሜሞሪውም 4 ጊጋ ነው። ለዚህ ሰው አዲስ ቦርድ ግዛ፣ አዲስ ራም ግዛ፣ አዲስ አበባ ተመላለስ ማለት ምን የሚሉት ምክር ነው?

የሚያታልል ሻጭ እኛም ጋ አለ። ኮር አይ 7 ነው ብሎ በደስታ የሚሸጥልህ ስንተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) እንደሆነ አይነግርህም፤ የ2ኛ ጀነሬሽን አይ 7 ከ8ኛው አይ 5 ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ስሙን ትተህ ቁጥሩን አንብብ። 8500 ካለ 8ኛ ነው፣ 3470 ካለ 3ኛ ነው። ከቻልክ 8ኛ ላይ ቁረጥ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ጀምሮ ነው። ቀጭኗን ስሊም አትግዛ፣ ሙሉ ታወር ግዛ፤ ስሊሟ ውስጥ ቁመቱ ያጠረ (ሎው ፕሮፋይል) ካርድ እንጂ ሌላ አይገባም። ራሙ አንድ ብቻ ከሆነ ሁለት አድርገው፣ ጥንድ ሲሆን ይፈጥናል። ካርድ ስትገዛ ጂፒዩ-ዚ የምትባለዋን ትንሽ ሶፍትዌር ክፈትበት፤ የድሮ ካርድ ስሙ ተቀይሮ 1050 ቲአይ ተብሎ ይሸጣል፣ እሷ ብዙውን ታጋልጠዋለች። በመስታወትና በቀለማት መብራት አሸብርቆ “ጌሚንግ” የተባለውንም እለፈው። የምትከፍለው ለመብራቱ ነው።

መገጣጠም ያስተምራል ይላሉ። ይማሩ! ግን የሥልጠናው አዘጋጆች ራሳቸው ዕቃ ገዝተው ያስተምሯቸው እንጂ ልጁ በእናቱ ብር ለምን ይማራል? ኋላ ለማሻሻል ያመቻል የሚሉትም አሉ። በወር ሁለት ቀን የሚጫወት ሰው ምኑን ነው የሚያሻሽለው? አዲስ አበባ የሚኖርና በየቀኑ ቪዲዮ እየቆረጠ እንጀራ የሚበላ ሰው ግን ይገጣጥም፤ ራሱ ግራፊክስ ያለው ራይዘን 5 5600ጂ ላይ ቢጀምር ካርድ እስኪገዛ ይሠራበታል። ለእሱ ያዋጣዋል። የኮምቦልቻው ልጅ ግን እሱ አይደለም።

ለአሠልጣኙና ለጋበዙት ሰዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። ያንን የግማሽ ዋጋ ኮምፒውተር ደሴ ላይ ገዝታችሁ ገጣጥሙት። ኬዙ፣ ፓወር ሳፕላዩ፣ ሞኒተሩ፣ ማጓጓዣው፣ አንድም ሳይቀር ደረሰኙን ያንን ቪዲዮ በለቀቃችሁበት ቻናል ላይ ለጥፉት። እኔ በዚያው ብር ከፒያሳ ታወርና ካርድ ገዝቼ አጠገቡ አስቀምጣለሁ። ይህን ካላደረጋችሁ ቪዲዮውን አንሱት፤ ልጆች ዛሬም በዚያ ቪዲዮ የተነሳ ብር እየላኩ ነው።