መተውም ቀን አለው

“ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም” ይባላል። ልክ ነው። ግን ከየትኛው እንውረድ? መቼስ? ተረቱ እዚህ ላይ ዝም ይላል።

ለዚህ መልስ ያላቸው የቆቦ ገበሬዎች ይመስሉኛል። እዚያ የሚወደደው በሚያዝያ የሚዘራው ማሽላ ነው። ለመድረስ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ ግን እህሉ ለእንጀራ፣ አገዳው ለከብትና ለማገዶ ይሆናል። የበልጉ ዝናብ ከቀረ ግን ገበሬው ማሽላዬን ብሎ ሙጭጭ አይልም። ክረምቱን ጠብቆ በሐምሌ ጤፍ ይዘራል። እሱም ካልያዘለት ወደ መስከረም ግድም፣ መሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይሞክራል። ሽምብራን ከማሽላ አስበልጦ አይደለም። ያንን ማሽላ በሐምሌ ቢዘራው ስለማይደርስለት ነው።

እኛ ከተሜዎቹ እንዲህ ያለ ቀን የለንም። ደሴ ላይ ቀን ቢሮ ውሎ፣ ማታ ተምሮ፣ ሁለት ዕቁብ እየጣለ፣ ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወርዶ ሱቁን የሚያይ ሰው ሞልቷል። አልፈርድበትም። ኑሮው እንዲህ ተወዶ በአንድ ደሞዝ ማን ይኖራል? (“አንዱን ብቻ ያዝ” ባዩ ብዙ ጊዜ ደሞዙ የሚበቃው ሰው ነው።) ችግሩ ከጀመረው ሁሉ የመተዊያ ቀን ያለው አንድም አለመኖሩ ነው። ትርፍ አሳይቶ የማያውቅ ሱቅ “ዘንድሮ ይቀናኛል” እየተባለ ኪራይ ይከፈልለታል። የወጣበት ብር ያሳዝናላ! ያ ብር ግን ሱቁ ቢዘጋም ባይዘጋም አይመለስም።

ጊዜ ሲያጥረን ደግሞ የምንቆርጠው የሚቀለውን ነው። ዕቁብ ቅጣት አለው። ኪራይም ቀጠሮ አለው። የጎረቤት ቡና ግን ቢቀር የሚቀጣ የለም፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱ ይቀራል። እኔ እሱን መጨረሻ ላይ ነበር የማስቀምጠው። ወሎ ላይ እስላሙም ክርስቲያኑም የልቡን የሚጫወተው እዚያ ረከቦት ዙሪያ ነው። በሌሊት ሰው ቢታመም በር የሚንኳኳውም እዚያው ጎረቤት ቤት ነው።

ስለዚህ አዲስ ነገር ስንጀምር መዝጊያ ቀኑንም አብረን እንቁረጥ። “እስከዚህ ወር ይህን ያህል ካላስገባ እዘጋለሁ” ብሎ ለባል፣ ለሚስት ወይም ይሉኝታ ለማያውቅ ጓደኛ መንገር ነው። ለብቻችን የያዝነውን ቀን ማራዘም እንወዳለና። አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ ቀኑ ከእድሳቱ በፊት ይሁን። ብሩን ከሰጡ በኋላ ልዝጋው ቢሉ ስድስት ወሩ ተበልቷል።