ላሟ በሰማይ፣ ዝናቡ በኦልድ ትራፎርድ

«ጊዜ ይሰጠው» አለ፤ ነገሩ ሁሉ የተነሣው ከዚህች ነው።

የማንቸስተር ዩናይትድ የ2024/25 የውድድር ዘመን ካበቃ ገና ሳምንት አልሞላውም ነበር። ሦስት የክለቡ ደጋፊዎችና አንዲት የአርሴናል ደጋፊ ተቀምጠን፣ ስልክ ላይ የተከፈተውን የደረጃ ሰንጠረዥ እየተቀባበልን እናያለን። 38 ጨዋታ፣ 18 ሽንፈት፣ 42 ነጥብ፣ 15ኛ ደረጃ። ክለቡ እ.ኤ.አ. በ1974 ከአንደኛ ዲቪዚዮን ከወረደ ወዲህ እንዲህ ዝቅ ብሎ ጨርሶ አያውቅም። ሌስተር፣ ኢፕስዊችና ሳውዝሃምፕተን ከእኛ የባሱ ሆነው ባይገኙልን ኖሮ የጸደይ ወራቱን የምናሳልፈው የወራጅ ቀጠናውን ነጥብ ስንደምርና ስንቀንስ ነበር። ይህን ሁሉ አይቶ ነው እንግዲህ ሰውየው ስለ ያኔው አሰልጣኛችን ስለ ሩበን አሞሪም «ጊዜ ይሰጠው» የሚለው።

ተናጋሪው ከእኛው ወገን ነው። ስሙን ትቼ ትዕግሥተኛው ልበለው፤ በሌላ ነገር ታግሦ ባያውቅም። ወረፋ ላይ አንድ ሰው ቢቀድመው ምድር ቀውጢ የሚያደርገው፣ ስልኩ ትንሽ ቢዘገይበት ጠረጴዛ የሚደበድበው እሱ ነው። የክለቡ ነገር ሲነሣ ብቻ ድምፁ ይለሰልሳል፣ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፣ ስለ ሂደት ማውራት ይጀምራል።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉ አዛውንቱ።

እኚህ ሰው ከሁላችንም በፊት የዩናይትድ ደጋፊ ነበሩ። ክለቡ ከ1967 እስከ 1993 ድረስ የሊግ ዋንጫ ሳያነሣ የኖረበትን ረጅም ድርቅ መጨረሻውን ደርሰውበታል። ስለዚህ ስለ መታገሥ እሳቸውን ማስተማር ድፍረት ነው። ትዕግሥተኛው ግን ደፈረ።

«ጋሼ፣ ሰር አሌክስስ? በ1986 መጥተው የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሡት በ1990 አይደለም እንዴ? ያኔ ቢያባርሯቸው ኖሮ ምን እንሆን ነበር?»

መቼም ቡድኑ የወደቀበት ደጋፊ ሁሉ ይህችን የፈርጉሰን ታሪክ ኪሱ ይዟት ነው የሚዞረው። እኔም ዝም አላልኩትም። ፈርጉሰን በመጀመሪያው ሙሉ የውድድር ዘመናቸው፣ በ1987/88፣ ከሊቨርፑል ቀጥለው ሁለተኛ ሆነው ጨርሰዋል። ከዚያ በፊትም በአበርዲን የሴልቲክንና የሬንጀርስን የበላይነት ሰብረው፣ በ1983 ሪያል ማድሪድን በፍጻሜ አሸንፈው የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ ይዘው የመጡ ሰው ናቸው። ይህን ስነግረው «እሱ ሌላ ነው» አለኝ። ሌላ ከሆነ ታዲያ ለምን ጠቀስካቸው?

ደግሞስ ጊዜ የሚነፍገው ማን ነው? ዴቪድ ሞይስ በ2013 ሲመጣ የስድስት ዓመት ውል ተሰጠው፤ አንዱን የውድድር ዘመን እንኳ አልጨረሰም። ኤሪክ ቴን ሃግ በ2024 ማንቸስተር ሲቲን አሸንፎ የኤፍ ኤ ካፕ ዋንጫ አነሣ፤ አለቆቹ ተሰብስበው፣ መክረው፣ ዘክረው፣ በሐምሌ ውሉን አራዘሙለት። ጥቅምት ሳያልቅ አሰናበቱት፤ በቦታውም አሞሪምን አመጡ። ይህን ሁሉ ያደረገው ደጋፊው ነው? ደጋፊው እኮ ከፈርጉሰን ወዲህ የመጣውን አሰልጣኝ ሁሉ በጭብጨባ ነው የተቀበለው። ውል አራዝሞ በአራተኛው ወር የሚያባርር ቦርድ ባለበት ክለብ «ደጋፊው ትዕግሥት አጣ» ማለት እፍረት ማጣት ነው።

የአርሴናል ደጋፊዋ እስከዚህ ድረስ እየሳቀች ታዳምጥ ነበር። «እኛ ጋ ጊዜ ስለተሰጠ ነው የተስተካከለው» ብላ ገባች። አርቴታ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ መቆየቱን፣ ቡድኑ እያደገ መምጣቱን ዘረዘረች። ትዕግሥተኛው አጋር አገኘሁ ብሎ ፊቱ በራ። አዛውንቱ ዘወር አሉና «እናንተስ ሦስት ዓመት በተከታታይ ምን ሆናችሁ ጨረሳችሁ፣ ልጄ?» አሏት።

«ሁለተኛ፣ ጋሼ።»

«ላም አለኝ በሰማይ።» የቀረውን ራሷ ጨረሰችው። እውነቱን ለመናገር የእሷ ላም ከእኛዋ ዝቅ ብላ ነው የምትበረው፤ ያው ግን ከሰማይ አልወረደችም።

ትዕግሥተኛው ሁለተኛውን መከራከሪያ አመጣ። ተጫዋቾቹ የአሞሪም አይደሉም፤ 3-4-3 አሰላለፍ የራሱን ዓይነት ሰው ይፈልጋል፤ አንድ የዝውውር መስኮት ይሰጠውና እናያለን። ይህን የተናገረው በራሱ አነጋገር አልነበረም፤ የሆነ ቦታ ያነበበውን ነው የደገመልን፣ «የሽግግር ምዕራፍ» የምትለውን ሳይቀር። የአሞሪም 27 የሊግ ጨዋታዎች 27 ነጥብ ነው ያስገኙት፤ በጨዋታ አንድ ነጥብ መሆኑ ነው። ሰውየው ራሱ በጥር ወር ብራይተን በሜዳችን 3 ለ 1 ሲያሸንፈን፣ ምናልባት በክለቡ ታሪክ መጥፎው ቡድን እኛ ሳንሆን አንቀርም ብሎ በአደባባይ መስክሯል። ባለቤቱ ያመነውን በደል እሱ ጠበቃ ሆኖ ይክዳል።

ከዚያ ወሬው ወደ ቢልባኦ፣ ወደ ዩሮፓ ሊጉ ፍጻሜ ሄደ፤ መሄዱ የማይቀር ነበር። «አንድ ጨዋታ ብቻ ብናሸንፍ ኖሮ ሻምፒዮንስ ሊግ ነበርን» አለ።

እዚህ ላይ እኔም ልቤ አልጨከነም። ከዚያ በፊት፣ በዚያው ውድድር፣ ከፈረንሳዩ ሊዮን ጋር የተጫወትንባት ሌሊት አለችና። ሚያዝያ ላይ፣ በሜዳችን በኦልድ ትራፎርድ፣ 2 ለ 0 መርተን 2 እኩል ሆንን። በጭማሪው ሰዓት 4 ለ 2 ተመራን፤ ሰዉ መውጣት ጀመረ። 114ኛው ደቂቃ ላይ ብሩኖ ፍጹም ቅጣት ምት አገባ። 120ኛው ላይ ሜይኖ ኳሷን አቁሞ፣ አዙሮ፣ ጥግ ላይ አስቀመጣት። ደቂቃ ሳይቆይ ከተከላካይነት ቦታው ተነሥቶ በጭንቅ ወደ ፊት የተላከው ማጓየር በጭንቅላቱ ጨረሰው፤ 5 ለ 4። እንዲህ ዓይነት ምሽት ያየ ሰው ክለቡን መተው ያቅተዋል። ችግሩም ይኸው ነው፤ በዓመት አንዴ ብልጭ የምትለዋ እሳት ዓመቱን ሙሉ ስታስበርደን ትኖራለች።

በፍጻሜው ግን ብልጭ አላለችም። ተጋጣሚያችን ቶተንሃም በሊጉ 17ኛ ነው፤ ከእኛም የባሰ። 42ኛው ደቂቃ ላይ በተከላካይና በግብ ጠባቂ መካከል የተደናበረች ኳስ በብሬናን ጆንሰን ስም ተመዘገበችና ዋንጫው በእሷ ተወሰነ። ከዕረፍት በኋላ ግብ ጠባቂያቸው ኳሷን ሳይቆጣጠራት ቀርቶ ሆይሉንድ ወደ ባዶው ጎል በጭንቅላቱ ሲልካት ሁላችንም ተነሥተን ነበር። ቫን ደ ቬን ከመስመሩ ላይ ወደ ኋላ ዘሎ፣ አየር ላይ እንዳለ በእግሩ ጠልፎ አወጣት። ቆመን ቀረን። በዚያ የውድድር ዘመን ቶተንሃም ሲያሸንፈን ያ አራተኛው ነበር። ሦስት ጊዜ የረታህን ቡድን በአራተኛው «ዕድል ጎድሎን ነው» አትልም።

ከፍጻሜው በሁለተኛው ቀን ምን ሆነ? በዝውውር መስኮቱ ለናፖሊ የሸጥነው ስኮት ማክቶሚናይ ካልያሪ ላይ በመቀስ ምት አግብቶ የጣሊያን ሻምፒዮን ሆነ፤ የሊጉ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያደገው እኛው ጋ ነው። ትዕግሥተኛው «እዚያ ያለው ሊግ ቀላል ስለሆነ ነው» ብሎ አለፈው። እኔ የዚህን መልስ መስጠት አልፈለግኩም፤ አዛውንቱም አልፈለጉም።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ከሜዳ ወጣ፤ መውጣትም ነበረበት። ሜዳ ላይ ያለው ቡድን እኮ የሌላ ነገር ውጤት ነው። የግሌዘር ቤተሰብ ክለቡን በ2005 ሲገዛ ከከፈለው ገንዘብ ብዙውን ተበድሮ ዕዳውን የጫነው በክለቡ ላይ ነው። ፖግባን በ2012 ለዩቬንቱስ በነፃ ለቀን፣ በ2016 በ89 ሚሊዮን ፓውንድ መልሰን ገዛን፣ በ2022 ለዚያው ለዩቬንቱስ እንደገና በነፃ ለቀቅን። ይህን ያደረገ አንድም አጥቂ ወይም ተከላካይ የለም፤ ያደረጉት ከረቫት ያሰሩ ሰዎች ናቸው።

ትዕግሥተኛው «አሁን እኮ የክለቡን ድርሻ የገዙት ሰር ጂም ራትክሊፍ መጥተዋል፤ ነገሩ እየተስተካከለ ነው» አለ። አዲሱን ስታዲየም ጠራ፤ 100 ሺህ ሰው የሚይዝ፣ 2 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ የሚፈጅ፣ 200 ሜትር ከፍታ ያላቸው ሦስት ምሰሶዎች የሚቆሙለት፣ ከሩቅ የሚታይ። የክለቡ 150ኛ ዓመት በሚከበርበት በ2028 የሊጉን ዋንጫ ለማንሣት መታቀዱን ጨመረ። አሞሪምም በመጨረሻው ጨዋታ ማግስት ሳይሆን እዚያው ሜዳው ላይ ማይክሮፎን ይዞ ደጋፊውን ይቅርታ ጠይቆ፣ መልካም ቀናት እየመጡ ነው ብሏል።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉ አዛውንቱ፣ በዚህኛው ጊዜ ቃል በቃል እየለዩ። ቀጥለውም «ለመሆኑ ያለው ጣሪያ ተጠግኗል?» ሲሉ ጠየቁ።

ያስታወሱት በግንቦት 2024 አርሴናል ያሸነፈን ዕለት ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ዶፍ ወረደና የኦልድ ትራፎርድ ጣሪያ ጥግ ላይ ፏፏቴ ሠርቶ ወንበሮቹ ላይ ሲወርድ ዓለም ሁሉ ተመለከተው። እኛ ከሰማይ ወተት ስንጠብቅ የመጣልን ዝናብ ነው። የአርሴናል ደጋፊዋ እስኪያልባት ሳቀች፤ ትዕግሥተኛውም ሳይወድ ሳቀ።

ሳቁ ሲያበቃ ግን እኔን የሚያንገበግበኝን ነገር አነሣሁ። አዲሶቹ አለቆች ሲመጡ መጀመሪያ ያደረጉት 250 ሠራተኛ መቀነስ ነው። ቆይተው እስከ 200 የሚደርስ ሌላ ሠራተኛ እንደሚቀንሱ አስታወቁ። የኦልድ ትራፎርድ ሠራተኞች በነፃ ይመገቡ የነበረው ምሳ ቀርቶ በምትኩ ፍራፍሬ ተባለ። የውድድር ዘመኑ ከተጀመረ በኋላ የቀሩት ትኬቶች ለሕፃንም ለጡረተኛም ቅናሽ ሳይደረግባቸው 66 ፓውንድ ሆኑ። በዚያው ዓመት ቴን ሃግንና ረዳቶቹን ለማሰናበት ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ካሳ ተከፈለ። ውሉን በሐምሌ ያራዘሙት ሰዎች ለዚያ ስሕተት ከምሳቸው ምን ተቀነሰባቸው?

ትዕግሥተኛው ፊቱን ኮስተር አደረገ። «ክለቡ እኮ በ2023/24 ብቻ 113 ሚሊዮን ፓውንድ ከስሯል። ወጪ መቀነስ ግድ ነው። የፋይናንስ ሕጉን ማሟላት አለብን።»

«አለብን» ነው ያለው። እዚህ ላይ ነው ፍርዴን የጨረስኩት።

ይህ ሰው ከክለቡ አንዲት ሳንቲም አያገኝም። የግሌዘር ቤተሰብ አያውቀውም፤ ራትክሊፍም አያውቁትም። ሆኖም አፉን ሲከፍት የሚወጣው የእነሱ ቃል ነው። ድሮ ደጋፊ የሚከራከረው በተጫዋች ግራ እግር፣ በማዕዘን ምት፣ ዳኛው በዘለለው ጥፋት ነበር። ዛሬ ስለ ዕዳ አከፋፈል፣ ስለ ደመወዝ ጣሪያ፣ ስለ ብራንድ ዋጋ ይከራከራል። ምሳው የቀረበትን ሠራተኛ ሲያይ ራሱን የሚያስቀምጠው ከአለቃው ወንበር ላይ ነው። ከዚያ ሠራተኛ ጋር የሚያመሳስለው ነገር እንዳለ እንኳ አይታየውም፤ ነገ እሱ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ያው ስብሰባ ሲጠራ፣ ያው የተስፋ ንድፍ በስክሪን ሲታይ፣ ያው «ታገሡ» ሲባል በጭብጨባ የሚያጅበውም እሱ ነው።

የዘመኑ ነገር እንዲህ ሆኗል። ከላይ ያለው ሲሳሳት «ልምድ ተገኘበት» ይባላል፤ ከታች ያለው ሳይሳሳት ይከፍላል። አዲስ ኃላፊ ይመጣል፣ ያለፈውን ይወቅሳል፣ የአምስት ዓመት ዕቅድ ያወጣል፤ በሦስተኛው ዓመት ካሳውን ተቀብሎ ይሄድና ሌላው መጥቶ ዓመቱን ከአንድ ይጀምራል። ዕቅዱ ወደ ፊት በተገፋ ቁጥር እንደ ትዕግሥተኛው ያለ አንድ ሰው ተነሥቶ «ነገሮች በአንድ ጀንበር አይለወጡም» ይለናል። ማን በአንድ ጀንበር አለ? ፈርጉሰን ጡረታ የወጡት እኮ በ2013 ነው! ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ በክለቡ የታዳጊ ቡድን ውስጥ ይጫወታል።

ትዕግሥተኛው በመጨረሻ «አንተ እኮ ደጋፊ አይደለህም» አለኝ። አዛውንቱ ያቺኑ ላም ሊጠሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደማቸውና «አውቃለሁ ጋሼ፣ ወተቷንም አላይ» ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ይሂድ። ተጫዋቹ ሲሸነፍ ላቡን አይቻለሁ፤ አሰልጣኙም ቢያንስ ማይክሮፎን ይዞ ይቅርታ ጠይቋል። ፖግባን ሁለት ጊዜ በነፃ የለቀቀውና የቴን ሃግን ውል ያራዘመው ክፍል ወጥቶ «ጥፋቱ የእኛ ነው» እስኪል ድረስ፣ ታገሥ የሚለኝን ሰው የክለቤን ማሊያ ቢለብስም የባለቤቶቹ ጠበቃ አድርጌ ነው የምቆጥረው፤ ያውም ያለ ደመወዝ።