ከአፋር መልስ የበራላቸው

እስቲ ዛሬ ደግሞ ጀግኖቻችንን እናመስግን፣ አራት ቀን አፋር ከርመው ነፍሳቸው ታጥቦ የሚመለሱትን ማለቴ ነው። ገላም ይታጠባል እንግዲህ፣ አንዱ ወዳጄ ቤቱ በገባ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለቴ ሻወር ወስዶ ሮቶው ግማሽ ከደረሰ በኋላ ነው "የውሃን ዋጋ አፋር አስተማረኝ" ብሎ ፖስት ያደረገው።

በረሃውን ቻሉት እኮ! ኤሲው በማይጠፋ ላንድክሩዘር፣ ከኋላ ሶስት እሽግ ሃይላንድ፣ ሰመራ ላይ ደግሞ የሆቴል አዳር። ከአርብቶ አደሮቹ ጋር ያደሩት ሁለት ሌሊት ነው፣ የቀረው የጅቡቲን መስመር ይዘው ተሳቢ ሲቀድሙ ያለቀ። (እኔ ራሴ ከአዋሽ ሰባት አልፌ አላውቅም፣ አፌን ብዘጋ ይሻል ነበር።)

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ያቺ "ምንም የላቸውም፣ ግን ደስተኞች ናቸው" የምትል ጥቅሳቸው ናት። ምንም የለውም የተባለው ሰውዬ ሰላሳ ግመል አለው፣ ወዳጄ ደግሞ የሰው ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ ብድሯ ያላለቀ ቪትዝ ይነዳል፣ ሰውዬው ግመሎቹን ገበያ ቢያወጣ ቪትዟን ከነሹፌሯ ይገዛታል። ደስታውንም እንዴት እንደለካው እንጃ፣ ሰውዬው በ2008ቱ ድርቅ ስንት ከብት እንዳለቀበት ሊነግረው ሲጀምር ወዳጄ ጀምበሯ እንዳታመልጠው ካሜራውን ይዞ ተነስቷላ።

ደግሞ "ቀለል አድርጎ መኖር" የሚሉት ነገር አለ። የአፋር ሴት አሪዋን፣ ያን የእንጨትና የሰሌን ቤት፣ ራሷ ነቅላ ግመል ላይ ጭና የደረሱበት ቦታ እንደገና ትተክለዋለች፣ ወዳጄ ይሄን አይቶ እንባው መጣ፣ ይገባኛል፣ ባለፈው ከገርጂ አያት ሲገባ ሶፋውን ለማውረድ ከጫኝና አውራጅ ጋር ሲጨቃጨቅ አንድ ቀን ሙሉ ስለፈጀ ነው መሰለኝ። ያቺ ሴት ግን ነገሩ ቀለል ያለ ነው ወይ ብሎ የጠየቃት የለም።

"ኔትወርክ አልነበረም፣ ከዓለም ተቆራርጬ ራሴን አገኘሁት" ይላል። እንዴት ነው የሚቆራረጠው? ዳጉ የሚባል የወሬ መለዋወጫ ወግ ያለበት አገር ውስጥ ቁጭ ብሎ! ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ከተገናኙ ቁጭ ብለው ዝናቡን፣ ሳሩን፣ ከብቱን፣ ሰላሙን ጠይቀው ተነጋግረው ነው የሚለያዩት፣ የሰሙትን እንደሰሙት ማድረስ ግዴታቸው ነው፣ የዋሸ ይጠየቅበታል። የእኛ ጀግና ግን ሁለት ሌሊቷን "ከአርብቶ አደሮች ጋር አንድ ሳምንት" አድርጎ ለጠፋት፣ ማን ይጠይቀዋል፣ አራት መቶ ላይክ አገኘባት።

ትናንት ማኪያቶ እየጠጣን (በጣም ፈልቷል ብሎ ማኪያቶውን ለአስተናጋጁ መለሰለት፣ እዛ ግን የግመል ወተቱን ከነጭሱ ጠጥቻለሁ ይላል፣ ሆዱ ምን እንዳለ አልጻፈም) ስልኩን አውጥቶ ከሰውዬው ጋር ተቃቅፈው የተነሱትን ፎቶ "ወንድሜ" ብሎ ጽፎበት ሊለጥፍ ሲል ስልክ ተደወለለት። ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ። ሲለያዩ ስልክ ተቀያይረው ነበር፣ ሰውዬው መዝግቦታል፣ እሱ ረስቷል።

"የማላውቀው ቁጥር አላነሳም" አለና ጥሪውን ዘግቶ ፎቶውን ለጠፈ።