የታማኝነት ጡረታ

አርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ውስጥ ከ1914 ጀምሮ አንድ ትልቅ የነሐስ ሐውልት ቆሞ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የተሠራው ለኮንፌዴሬት ሟቾች ነው። ባርነት እንዳይቀርባቸው ብለው ከአሜሪካ ተገንጥለው ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ለተዋጉት የደቡብ ግዛቶች ወታደሮች ማለት ነው። ዙሪያውን ከተቀረጹት ምስሎች አንዷ ጥቁር ሞግዚት ናት፤ የነጭ መኮንን ሕፃን ታቅፋለች። ሌላው ጌታውን ተከትሎ የሚዘምት ጥቁር ሰው ነው። ሐውልቱ በ2023 መጨረሻ ተነሣ። በ2025 ደግሞ የመከላከያ ሚኒስትሩ ፒት ሄግሴት ተመልሶ እንደሚተከል አስታወቁ።

ያ ዘማች ጥቁር ሰው ማን ነው? “ጥቁሮችም ወደው ለደቡብ ተዋግተዋል” የሚሉ ሰዎች ሲሟገቱ የሚመዙት አንድ ማስረጃ አለ። የጡረታ መዝገብ። “ወታደር ባይሆኑ ኖሮ ጡረታ ማን ይሰጣቸው ነበር?” ይላሉ። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲሰሙት ያሳምናል። መዝገቡን ሲያነቡት ግን ነገሩ ይገለበጣል።

ጡረታው መኖሩ እውነት ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለራሱ ወታደሮች እንጂ ለተሸነፉት ኮንፌዴሬቶች አይከፍልም ነበር። የደቡብ ግዛቶች ግን ከየካዝናቸው ለራሳቸው ሽማግሌዎች ጡረታ ቆረጡ። ከእነዚህ አምስቱ ጥቁር አገልጋዮችንም በሕግ አካተቱ። ሚሲሲፒ ቀደመች፣ በ1888። ከዚያ ቴነሲ በ1921፣ ሳውዝ ካሮላይና በ1923፣ ቨርጂኒያ በ1924፣ ኖርዝ ካሮላይና በ1927 ተከተሉ። በአምስቱ ግዛቶች ጡረታ ያገኙት በድምሩ ወደ 2,800 ይጠጋሉ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚሲሲፒ ሰዎች ናቸው።

አሁን ቅጹን እንየው። ሚሲሲፒ ውስጥ እነዚህ ሰዎች የሚሞሉት ነጩ ወታደር የሚሞላውን ቅጽ አልነበረም። ለብቻው የተዘጋጀ ነው፤ ርዕሱም የቀድሞው ኮንፌዴሬት ወታደሮችና መርከበኞች ችግረኛ አገልጋዮች ማመልከቻ ይላል። አመልካቹ የማን አገልጋይ እንደነበረ ይጠየቃል። የክፍለ ጦሩ ስም ሲጻፍም የጌታው ክፍለ ጦር ነው። እሱ የማንም ጦር አባል አልነበረም። አብሮ የሄደው እንደ ፈረሱና እንደ ድንኳኑ ነው። ወረቀቱ ራሱ ወታደር አይለውም። እንግዲህ ሰነዱን የሚያውለበልቡት ሰዎች አላነበቡትም፤ አለዚያም አንብበው ዝም ብለዋል።

የኮንፌዴሬት ሕግም ቢሆን ጥቁርን ወታደር ለማድረግ የፈቀደው በመጋቢት 1865 ነበር። የደቡቡ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሊ እጁን የሰጠው ከወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ያንንም በብዙ ሽኩቻ ነው ያጸደቁት። የጆርጂያው ጄኔራል ሃውል ኮብ በዚያው ዓመት ጥር ላይ በጻፈው ደብዳቤ፣ ባሪያ ጥሩ ወታደር ከወጣው ስለ ባርነት የምናምነው ሁሉ ስሕተት ነው ማለት ነው ብሎ ነበር። ሰውየው ቢያንስ የገዛ ወገኑን ጉዳይ በደንብ ገብቶታል።

ታዲያ በጦር ሜዳው ምን ይሠሩ ነበር? ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ ፈረስ ይጠብቃሉ፣ የሚበላ ነገር ፍለጋ ይዞራሉ፣ ቁስለኛ ያስታምማሉ። ጌታቸው ሲሞት ሬሳውን አገሩ የሚያደርሱም ነበሩ። ሌሎች ብዙዎች ደግሞ ምሽግ ሲቆፍሩ ነው ጦርነቱ ያለቀው። ለዚህ ጉልበት የኮንፌዴሬት መንግሥት ኪራይ ሲከፍል ገንዘቡን የሚቀበለው ባለቤቱ ነበር። የሰሜን ጦር፣ ማለትም የፌዴራሉ መንግሥት ጦር፣ ሲቃረብ ጥለው የጠፉትም ጥቂት አይደሉም። ወደ 180,000 የሚጠጉ ጥቁሮች በሰሜን ጦር ውስጥ ወታደር ሆነው አገልግለዋል፤ ከእነሱም እጅግ ብዙዎቹ ከባርነት ያመለጡ ነበሩ። ያመለጠ ሰው በደቡቡ የጡረታ መዝገብ ውስጥ አይገኝም። መዝገቡ የያዘው የቀሩትን ብቻ ነው። ከእሱ ተነሥቶ “አገልጋዮቹ ታማኝ ነበሩ” ማለት፣ ፈተናውን ያለፉትን ብቻ ቆጥሮ ማንም አልወደቀም እንደማለት ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ሰው አለ፣ ሳይለስ ቻንድለር። ፎቶውን አይታችሁት ይሆናል። በ1861 የተነሣ ነው። አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ወጣት የደንብ ልብስ ለብሰው፣ ሽጉጥና ጩቤ ይዘው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ነጩ አንድሩ ቻንድለር ነው፣ የሚሲሲፒ ወታደር፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ። ጥቁሩ ሳይለስ የቤተሰቡ ባሪያ ነው። ሚስቱን ሉሲን ትቶ ነው የዘመተው። አንድሩ በ1863 በቺካማውጋ ውጊያ ላይ ሲቆስል ቤቱ ያደረሰው ሳይለስ ነው። እሱ ግን በዚያ አላረፈም። የአንድሩ ታናሽ ወንድም ሲዘምት ደግሞ ከእሱ ጋር ተላከ። ልብ በሉ፣ አንድ ቤተሰብ ሁለት ልጆች ላከ፣ ሁለት ጊዜ የዘመተው ግን ሳይለስ ነው።

ፎቶው ከጊዜ በኋላ የሁለት ጓደኛ ተዋጊዎች ምስል ተብሎ ተሠራጨ። ሳይለስ ከጦርነቱ በፊት ነፃ ወጥቶ ነበር፣ ወዶ ነው የሄደው ተባለ። ለዚህ ማስረጃ አልተገኘም። የጡረታ ማመልከቻው ደግሞ አለ። በ1916 የሞላው ያንኑ የአገልጋይ ቅጽ ነው። ከነፃነት በኋላ አናጺ ሆኖ ኖሯል። በ1994 የኮንፌዴሬት ተወላጆች ማኅበራት መቃብሩ ላይ የብረት መስቀል አቆሙለት። ከገዛ ዘሮቹ ውስጥ የተቃወሙ ነበሩ። እኔ በነሱ ቦታ ብሆን እቃወም ነበር።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። አራቱ ግዛቶች ለምን 1920ዎቹን ጠበቁ? ጦርነቱ ካለቀ ሃምሳና ስድሳ ዓመት አልፎ ነበር። በሕይወት ያሉት ጥቂት ናቸው፣ ወጪው ካዝናውን አይነካም። ጊዜው ደግሞ ደቡቡ ስለራሱ የሚነግረው ተረት የደራበት ነው፤ ጌታ ደግ፣ ባሪያ ታማኝ፣ ሁሉም በየቦታው ደስተኛ። በ1923 የአሜሪካ ሴኔት የኮንፌዴሬት ሴት ልጆች ማኅበር ለጥቁር ሞግዚቶች መታሰቢያ ሐውልት ዋሽንግተን ላይ እንዲያቆም ፈቀደ። ጥቁሮች ጮኹ፣ ነገሩም በተወካዮች ምክር ቤት ሳያልፍ ቀረ። በዚያው ዓመት ሳውዝ ካሮላይና የአገልጋዮችን ጡረታ አጸደቀች።

የሳውዝ ካሮላይናው ታሪክ ነገሩን ይበልጥ ያጋልጣል። የ1923ቱ ሕግ ቢያንስ ስድስት ወር በአገልጋይነት፣ በምግብ አብሳይነትና በረዳትነት ለሠሩ ይላል። ሕጉ ሲወጣ አመልካቹ በዛ። ምሽግ የቆፈረውም፣ ጋሪ የነዳውም መጣ። በዓመቱ ሕጉ ተሻሽሎ የጉልበት ሠራተኞቹና ጋሪ ነጂዎቹ ተቆረጡ። ቆፋሪውስ ለዚያው ጦር አልነበረም እንዴ የደከመው? ነበር። ግን ቆፋሪው የአንድ ጌታ ታማኝ አሽከር ተብሎ የሚተረክለት ታሪክ የለውም። ገንዘቡ ለድካም ቢሆን ኖሮ ለእሱም ይደርሰው ነበር። የተከፈለው ለታማኝነት ነው።

በተመሳሳይ ዘመን ለድካሟ ካሣ የጠየቀች አንዲት ሴት ምን እንደደረሰባት እንይ። ካሊ ሃውስ ትባላለች። በ1861 ቴነሲ ውስጥ በባርነት ተወለደች። ባሏ የሞተባት፣ ልብስ እያጠበች አምስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ነበረች። በ1890ዎቹ ናሽቪል ውስጥ ከአይዛያ ዲከርሰን ጋር የቀድሞ ባሪያዎች መረዳጃና የጡረታ ማኅበር አቋቋመች። ጥያቄያቸው አጭር ነው። ወታደሩ ጡረታ ካገኘ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያለ ደመወዝ የሠራው ሰውስ? አባላቱ በመቶ ሺዎች እንደሚቆጠሩ ይነገር ነበር። የታመመ ያስታምማሉ፣ የሞተ ይቀብራሉ፤ እኛ ዕድር የምንለው ዓይነት ነገር ነው።

መንግሥት በ1899 የማኅበሩን ደብዳቤዎች ማገድ ጀመረ። ምክንያቱ ደግሞ ጉድ ያሰኛል። እንዲህ ዓይነት ሕግ ፈጽሞ አይወጣም፤ ስለዚህ ለሱ መዋጮ መሰብሰብ ማጭበርበር ነው ተባለ። ላም አለኝ በሰማይ እያለች ድሃ ታታልላለች ማለታቸው ነው። ሕጉን አናወጣም የሚሉትም እነሱ፣ አይወጣም ብለው የሚከሱትም እነሱ። በ1915 ማኅበሩ የሚደግፋቸው ሰዎች የግምጃ ቤቱን ሚኒስትር ከሰሱ። በባሪያ ጉልበት ከተመረተው ጥጥ መንግሥት በቀረጥ የሰበሰበውን 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለባለጉልበቶቹ ስጡ አሉ። ፍርድ ቤቱ መንግሥት ሳይፈቅድ አይከሰስም ብሎ ዘጋው። በ1917 ካሊ ሃውስ በፖስታ ማጭበርበር ተፈርዶባት ሚዙሪ፣ ጄፈርሰን ሲቲ ታሠረች። በ1928 ያለምንም ጡረታ ሞተች።

ቴነሲ ለታማኝ አገልጋዮች ጡረታ ስትፈቅድ ካሊ ሃውስ ከእስር ወጥታ እዚያው ቴነሲ ትኖር ነበር። በአንድ ግዛት አንዱ ሽማግሌ የጌታውን ስም ጠርቶ ይቀበላል፣ ሌላዋ በራሷ ስም ጠይቃ ታስራ ነበር። ለእኔ የዚህ ጡረታ ትርጉም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ደግሞ አሜሪካ ለባርነት ካሣ ከፍላ አታውቅም የሚባለው ሙሉ እውነት አይደለም። ከፍላለች። በሚያዝያ 1862 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ባርነት ሲሻር ለአንድ ሰው እስከ 300 ዶላር ተከፈለ፤ ለባለቤቱ። ነፃ የወጣው ሰው ገንዘብ የሚያገኘው አገሩን ለቆ ለመሄድ ከተስማማ ብቻ ነበር።

በሽማግሌዎቹ ላይ ግን ጣት አልቀስርም። ዛሬ አንዳንዱ ስማቸውን ሲያነሣ ከከሐዲ ይቆጥራቸዋል። ሰማንያ ዓመት የሞላው፣ በሰው መሬት ሲያርስ የኖረ፣ ጉልበቱ ያለቀ ሰው ነው። ጡረታ አለ፣ ጌታህን እንዳገለገልክ ተናገር ሲሉት ምን ያድርግ? እውነት ለመናገር እኔም እፈርም ነበር። ሌላ አማራጭም አልነበረውም። በ1935 የወጣው የሶሻል ሴኩሪቲ (የአገር አቀፍ ጡረታ) ሕግ እንኳ የእርሻና የቤት ሠራተኞችን ዘለላቸው። የደቡብ ጥቁር አብዛኛው የሚሠራው ደግሞ እነዚሁን ነው። በ1930ዎቹ የመንግሥት ጸሐፊዎች ከ2,300 በላይ የቀድሞ ባሪያዎችን ታሪክ ሲመዘግቡ፣ ብዙዎቹ ጠያቂውን የጡረታ ሰው መስሏቸው እንደነበር ከንግግራቸው ይታወቃል። ጠያቂው ነጭ ሲሆን ስለ ጌታቸው ደግነት ማውራታቸው ታዲያ ይገርማል?

ጉዳዩ ለኛም ሩቅ አይደለም። በ2010 ቨርጂኒያ ውስጥ ለአራተኛ ክፍል በተዘጋጀ የታሪክ መማሪያ ላይ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁሮች ለደቡብ ተዋግተዋል የሚል ዓረፍተ ነገር ወጥቶ ነበር። በደቡቡ ጄኔራል በስቶንዎል ጃክሰን ሥር ሁለት የጥቁር ሻለቃ ጦሮች ነበሩ ይላል። ጃክሰን የሞተው በ1863 ነው፣ ጥቁር እንዲታጠቅ ከመፈቀዱ ሁለት ዓመት ገደማ በፊት። ደራሲዋ መረጃውን ያገኘችው ከኢንተርኔት መሆኑ ታወቀ፣ መጽሐፉም ታረመ። እዚያው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ ስንት የሐበሻ ልጅ እንደሚማር የምታውቁት ናችሁ። ልጁ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ቤት ሲመጣ ወላጅ የሚለው ነገር ቢኖረው ጥሩ ነው።

መዝገቦቹ ራሳቸው ግን ይጥፉ የሚል ሰው ካለ አልስማማም። የ1850ና የ1860 የባሪያ ቆጠራ ከጥቂቶች በቀር ስም አይጽፍም፤ ዕድሜ፣ ፆታና የባለቤቱን ስም ብቻ ነው። ነፃ የወጡት ሰዎች ስም በቆጠራ በሙሉ የወጣው በ1870 ነው። ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ጥቁር አሜሪካዊ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። በጡረታ ቅጹ ላይ ግን የሰውየውና የጌታው ስም አንድ ገጽ ላይ ተጽፈዋል። በዚያ ይዞ ወደኋላ መሄድ ይቻላል። የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት የኮንፌዴሬት ጡረታ መዝገቦቹን ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል፣ የሚሲሲፒና የቴነሲ ቤተ መዛግብትም ፋይሎቹን ይዘዋል። ማንም ገብቶ ያንብብ፤ በተለይ ቅጹ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ።