ግንብ ካልሆነ ታሪክ አይደለም ያለው ማነው?

ሰሞኑን የልጆቼ ትምህርት ቤት ወላጆችን ሰብስቦ ነበር። የዘንድሮው ጉብኝትም እንደ አምናው ፋሲል ግንብ ነው ተባልን። «ምነው ጢስ ዓባይ ወስደን አላታ ድልድይን ብናሳያቸው?» አልኩ። መልሱ ነው ያናደደኝ። «ጎጃም ውስጥ ልጆች የሚያዩት ግንብ የለም። ድልድዩ ያው ድልድይ ነው፤ ለፎቶም አይሆን።»

ለፎቶ! ታሪክ በካሜራ መመረጥ ጀመረ ማለት ነው።

ጎንደርን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። ዩኔስኮ በ1979 እ.ኤ.አ. የመዘገበው በከንቱ አይደለም። ግን ከባሕር ዳር ደርሶ መልሱ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አምና ልጄ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥቶ፣ ማታ ያስመለሰበትን ፌስታል እንደያዘ እንቅልፍ ወስዶት መጣ። ምን አየህ ስለው «የአንበሳ ቤት፣ ግን አንበሳ የለውም» አለኝ። በቃ። ስለ ጸጥታ ቢያነሱ አፌን እይዝ ነበር፤ እሱን ግን ማንም አላነሳም።

«ያው ድልድይ» የተባለው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1626 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት ከዚያ አሥር ዓመት ቆይተው ነው። የአባት ድልድይ የልጅን ግንብ ይቀድማል! ጎንደር ሄደን አፋችንን ከፍተን የምናየው ድንጋይን በኖራ የማያያዝ ሙያ ዓባይ ላይ ቀድሞ ተሞክሯል፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ድልድዩን ሳያሳዩ ልጅን ግንብ ሥር ማቆም፣ ፊደል ሳያስቆጥሩ ዳዊት ማስያዝ ነው።

ደግሞ ግንቡ ትኬት አለው፣ ሲመሽ ይዘጋል። ድልድዩ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። ባለፈው በቤተሰብ ሄደን ልጄ መዳፏን ድንጋዩ ላይ ለጥፋ «ይሞቃል!» ስትል፣ አንዲት እናት የተጫነች አህያ እየነዱ መጡ። «የኔ ልጆች፣ ዳር ያዙ» አሉን። ዳር ያዝን። አህያዋ በጆንያው የልጄን ቀሚስ እየጠረገች አለፈች። ወደ 400 ዓመት የሚጠጋው ድልድይ ላይ ቆሞ ለአህያ መንገድ መልቀቅ! ይህን የትኛው አስጎብኚ ነው በቃል የሚያስረዳው?

«ግንብ የለም» ነው የሚሉት? መርጡለ ማርያም ያለው ፍርስራሽ ታዲያ ምንድነው፣ የከብት በረት? እቴጌ እሌኒ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩበት ቦታ ነው፤ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው አበባ ዛሬም ይታያል። እሌኒ ያረፉት ጎንደር ከመቆርቆሩ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድመው ነው። ደብረ ማርቆስ ያለውን የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥት አላነሳም፤ አንስቼው ደግሞ ፎቶ አይወጣለትም እንዳልባል።

ለዘንድሮው ጉዞ ሰባራ ሳንቲም አልከፍልም። አውቶቡሱ ጎንደር በሚሄድበት ቅዳሜ እኔ ልጆቼን፣ ዳቦና ቆሎዬን ይዤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት መናኸሪያ እገኛለሁ። አብሮን የሚሄድ ወላጅ ካለ ኮፍያ እንዳይረሳ፤ እስከ ድልድዩ ያለው የእግር መንገድ ፀሐዩ አይቻልም።